የአሜሪካና የኤውሮፓ አውቶሞቢሎች፤ ነጋዴው ምኑን አይቶ ይዘዝ?

አውቶሞቢል ገዥ ወደ መደብር ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው ቀለሙንና ቅርጹን ነው። አስመጪው ግን ከገዥው ቀድሞ ሌላ ነገር ሊመለከት ይገባዋል፤ ይኸውም ዕቃው በምን ዐይነት መንገድ ላይ እንዲሄድ ታስቦ እንደ ተሠራ ነው። «የአሜሪካን መኪና ይሻላል»፤ «የለም፣ የኤውሮፓው ይበልጣል» የሚለው ክርክር በነጋዴዎች ዘንድ ብዙ ዘመን የቈየ ነው። ክርክሩ ፍሬ ያጣው ሁለቱም ወገኖች መኪናውን ከተወለደበት አገር ለይተው ስለሚመዝኑት ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

የልዩነቱ ሥር የመሐንዲሶች ብልሃት መብለጥ ወይም ማነስ አይደለም፤ መንገድ፣ ቤንዚንና ግብር ነው። በአሜሪካ ቤንዚን ርካሽ፣ ከተሞቹም የተራራቁ ነበሩ፤ በ1956 ዓ.ም. በወጣው ሕግም አገሪቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያገናኙ ሰፋፊ አውራ ጐዳናዎች ይሠሩ ጀመር። በኤውሮፓ ግን ቤንዚን ውድ ነበር፤ እንደ ፈረንሳይና እንደ ኢጣልያ ያሉ አገሮችም የመኪናን ግብር ከሞተሩ መጠን ጋር ያያይዙት ነበር፤ የጥንት ከተሞች መንገድ ጠባብ፣ የአልፕስ ተራሮች መንገድም ጠመዝማዛ ነው። ስለዚህ አሜሪካዊው ትልቅ ሞተር በትልቅ አካል ላይ ሲጭን፣ ኤውሮፓዊው ከትንሽ ሞተር ብዙ ሥራ ማውጣትን ተማረ።

ይህ ልዩነት ከሁሉ አስቀድሞ በቅርጽ ታየ። የጄኔራል ሞተርስ የቅርጽ ኀላፊ የነበረው ሃርሊ ኧርል የጦር አውሮፕላን ጅራት አይቶ፣ በ1948 ዓ.ም. በወጣው ካዲላክ ላይ ክንፍ መሰል ጅራት እንዲበቅል አደረገ። ክንፉ በየዓመቱ እያደገ ሄዶ በ1959 ዓ.ም. ከመጠን አለፈ፤ የዚያ ዓመት ካዲላክ ርዝመቱ 5.7 ሜትር ያህል ነበር። በ1955 ዓ.ም. የወጣው ፊያት 600 ግን 3.2 ሜትር ያህል ብቻ ነበረ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክንፉ ሁሉ ከፋሽን ወጣ። ሱቅ ላለው ሰው ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው፤ ቅርጹ በየዓመቱ የሚለዋወጥ መኪና፣ የመብራቱ መስታወትና የፓራፋንጎው ጌጥ ሁሉ አብሮ ስለሚለወጥ፣ ያልተሸጠው መለዋወጫ በመደርደሪያ ላይ የሞተ ገንዘብ ይሆናል። ቮልስዋገን ግን የታወቀውን መኪናውን፣ ውስጡን እያሻሻለ መልኩን ሳያርቅ፣ እስከ 2003 ዓ.ም. ድረስ ሠራው፤ ቍጥሩም ከ21 ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ያማረ ቅርጽ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ የማይለዋወጥ ቅርጽ ግን ዘወትር ሥራ ይሰጣል።

ወደ አካሄዱ ምቾት ስንመጣ፣ የቀድሞው አሜሪካዊ መኪና በተለየ ሻንሲ ላይ የተቀመጠ ከባድ አካልና እጅግ ለስላሳ ሞላ ነበረው። ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ ተሳፋሪው በሳሎኑ ወንበር የተቀመጠ ያህል ይሰማው ነበር። ነገር ግን ጕድጓድና ኩርባ በበዛበት መንገድ ያው ልስላሴ መኪናውን ወደ ጐን ያዘነብለዋል፤ ከጕድጓዱም ሲወጣ ደጋግሞ ያነጥረዋል። በ1960 ዓ.ም. የወጣው ፔጆ 404 በአንጻሩ መጠነኛ ሞተር ያለው ቢሆንም፣ የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ውድድር በ1963፣ በ1966፣ በ1967ና በ1968 ዓ.ም. አሸነፈ። ያ ውድድር በጭቃና በአቧራ የሚደረግ ስለ ነበረ፣ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ምስክር ነው።

ይህ ማለት ግን ኤውሮፓዊ የሆነ ሁሉ ለሻካራ መንገድ ይስማማል ማለት አይደለም። በ1955 ዓ.ም. በፓሪስ ትርኢት የቀረበው ሲትሮኤን ዲ.ኤስ. በሞላ ፈንታ በዘይትና በጋዝ ኀይል የሚንሳፈፍ፣ ከመሬት ያለውንም ከፍታ ራሱ የሚጠብቅ ነበር። ሆኖም ያንን አሠራር የሚያውቅ መካኒክ በሌለበት አገር ምቾቱ ሁሉ ጋራዥ ደጅ ላይ ያበቃል።

ሦስተኛው ነገር ካምቢዮ ነው። ኦልድስሞቢል ለ1940 ዓ.ም. ባወጣቸው መኪኖች ላይ ያለ ፍሪሲዮን ፔዳል ማርሹን ራሱ የሚቀይር ካምቢዮ ለሕዝብ አቀረበ፤ በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ሼቭሮሌ ይኸንኑ ምቾት በሁለት ማርሽ ወደ ርካሹ መኪና አወረደው። ኤውሮፓውያን ግን በእጅ የሚቀየረውን ማርሽ አልተዉም፤ ትንሽ ሞተር ያለው ሰው የሚያባክነው ጕልበት የለውምና። በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ሁለቱም ወገን የሚያስመሰግን ነገር አለው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጕልበቱ አምስት እጅ አንዱን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ትርፍ ጕልበት ያለው አሜሪካዊ ሞተር ዳገቱን በቀላሉ ይወጣል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ ሲወረድ ግን፣ ሾፌሩ ማርሽ አውርዶ መኪናውን በሞተሩ መያዝ አለበት። ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው ካምቢዮ ምርጫውን ያጠብበታል፤ ፍሬን ብቻውን ሲሠራ ደግሞ ይግላል፤ የጋለ ፍሬንም አይታመንም።

ላዳ ለዚህ ሁሉ ጥሩ ምሳሌ ነው። መሠረቱ የኢጣልያ ፊያት 124 ነበር፤ ሩስያውያን ግን እንዳለ አልተቀበሉትም። ቆርቆሮውን አወፈሩት፤ ከመሬት ከፍ አደረጉት፤ የኋላውን የዲስክ ፍሬንም ጭቃ በማይጐዳው ፍሬን ለወጡት። በአዲስ አበባ ጐዳና ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ታክሲ ሆኖ የኖረው ለመንገዱ ስለ ተዘጋጀ ነው እንጂ ስላማረ አይደለም።

ዛሬ የአህጉር ስም ብቻውን ብዙ አይነግርም። ከ1973 ዓ.ም. የነዳጅ ችግር በኋላ አሜሪካውያን መኪናቸውን አሳነሱ። በ2002 ዓ.ም. በካዲላክ ላይ የወጣው በማግኔት የሚታዘዝ አሞርዛተር በኋላ በአውዲና በፌራሪ ላይ ተገጠመ፤ የጀርመኑ ዜድ ኤፍ ባለ ስምንት ማርሽ ካምቢዮም በክራይስለር መኪኖች ላይ ሠራ። በኢትዮጵያም መንግሥት በ2024 ዓ.ም. መጀመሪያ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ የአስመጪው ዐይን በኤሌክትሪክ ወደሚሠሩት ዞሯል። በእነዚህም ቢሆን ጠባዩ አልጠፋም፤ የአሜሪካው ቴስላ በአንድ ማርሽ ሲሄድ፣ በ2019 ዓ.ም. የወጣው የጀርመን ፖርሽ ታይካን ለኋላ እግሩ ሁለት ማርሽ አበጅቷል። ባትሪው በብዙ መቶ ኪሎ የሚቈጠር ስለ ሆነ፣ አሞርዛተርና ጎማ ከቀድሞው ይልቅ ይከብዳቸዋል።

እንግዲህ አስመጪው ከማዘዙ በፊት ሦስት ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይህ መኪና ለየትኛው መንገድ ተሠራ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? መለዋወጫውስ ከዐምስት ዓመት በኋላ ከወዴት ይገኛል? ባለ መደብሩም መልሱን ለገዥው ሳይሸሽግ ይንገረው። ቀድሞ የገቡት የቤንዚንና የናፍጣ መኪኖች ገና ብዙ ዘመን ስለሚሠሩ፣ መለዋወጫቸውን የሚሸጠው ነጋዴ ኀላፊነት አላለቀም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ በአውቶሞቢል ንግድ ግን የፈሰሰው ካፒታል ሁሉ ተለቅሞ አይገኝም።