የደባርቅ አልጋ ቤቶች በሲንክ ያወጡትን በቱቦ እንዳይከስሩ

ደባርቅ ላይ አልጋ የሚያከራይ ሰው ክፍሉን ለማሻሻል ሲነሣ ቶሎ የሚታየው የእጅ መታጠቢያ ሲንክ ነው። አይፈረድበትም። ከተማዋ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት፤ ከጎንደር ተነሥቶ ዳባትን አልፎ የሚመጣው ጎብኚ ተመዝግቦ፣ ስካውቱን ይዞ ወደ ተራራው የሚወጣው ከዚህ ነው። ከተራራ ሲመለስ ደግሞ ፊቱን የሚታጠብበትን ይፈልጋል፤ ይከፍልበታልም።

ይሁንና ባለንብረቱ ሲንኩን ለመግዛት ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ዋጋ ተከራክሮ፣ ከግድግዳው ጀርባ የሚገባውን ቱቦ ግን ለቧንቧ ሠራተኛው ይተወዋል። ሠራተኛው የሚሠራው በቁርጥ ዋጋ ነው፤ በቶሎ በጨረሰ ቁጥር ያተርፋል። ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ የማያይበት ግብይት ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ርካሹ ሥራ ያደላል።

ርካሹ ሥራ የታወቀ ነው። ወለል ላለማፍረስ ሲባል የመጸዳጃው 110 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበሳና የሲንኩ ቀጭን ቱቦ ይሰካበታል፤ ዙሪያው በሲሚንቶ ይለሰናል። ውኃው ይወርዳል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ጣጣው የሚመጣው መጸዳጃው ሲለቀቅ ነው። በአንድ ጊዜ የሚወርደው ውኃ ከኋላው አየር ይስባል፤ መስመሩ የአየር ቱቦ ከሌለው የሚስበው ከሲንኩ ሲፎን ነው። በሲፎኑ ውስጥ ሽታውን የሚያግደው ውኃ ጥልቀቱ 5 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። እሱ ተመጥጦ ከሄደ የእንግዳው ክፍልና የፍሳሽ ጉድጓዱ አንድ ቤት ሆኑ ማለት ነው።

የደባርቅን ነገር የሚያብሰው ባዶ አልጋ ነው። በ2012 ኮሮና፣ በ2013 መጨረሻ እስከ ዳባት የዘለቀው ጦርነት፣ ከዚያም በ2015 በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት ጎብኚውን አርቀውታል። በበጋ ለሳምንታት ተዘግቶ የከረመ ክፍል፣ ሲፎኑ በደንብ የተሠራ ቢሆን እንኳ ውኃው ይተናል። ስንት ወር ተጠብቆ የመጣ እንግዳ በሩ ሲከፈትለት አፍንጫውን ይዞ ቢመለስ የጠፋው የአንድ ሌሊት ኪራይ ብቻ አይደለም፤ አስጎብኚው ሌላውንም እንግዳ ወደ ጎረቤት ይወስዳል። በየሳምንቱ አንድ ጆግ ውኃ ማፍሰስ ይህን ያድን ነበር።

ደህናው ሥራ ምሥጢር የለውም። ከሲንኩ ሥር ሲፎን፣ በግድግዳው ውስጥ 40 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ፣ በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁልቁለት። የገላ መታጠቢያው ወለል ሲፎን ቅርብ ከሆነ ወደዚያ ማስገባት ይመረጣል፤ የሲንኩ ውኃ እሱንም እንዳይደርቅ ያደርገዋል። ወደ ዋናው መስመር መግባት ግድ ከሆነ በዋይ መገጣጠሚያ እንጂ በብስ አይሆንም፤ የአየር ቱቦም ከጣሪያ በላይ ይወጣል። የኢትዮጵያ የሕንፃ ደንብ ለቧንቧ ሥራ ራሱን የቻለ ክፍል ከመደበ፣ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ደንቡ አለ፤ ግድግዳ ከመለሰኑ በፊት መጥቶ የሚያይ ነው የታጣው።

"ብር የለም" የሚለው ምክንያት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ጉልበት አግኝቷል። ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ፤ ከውጭ የሚገባ ሲንክና ቧንቧም አብሮ ናረ። ግን ሒሳቡ የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው። የተወደደው ሲንኩ ከሆነ ቀለል ያለ ሲንክ መርጦ ልዩነቱን ቱቦው ላይ ማዋል ያዋጣል። ሲንክ በማንኛውም ቀን ይለወጣል፤ የተቀበረ ቱቦ ለመለወጥ ግን የተነጠፈው ሴራሚክ ይፈርሳል፣ ክፍሉም ሳይከራይ ይከርማል።

የቧንቧ ሠራተኛውን ክፍያ በሁለት መክፈልም ይቻላል። ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊት ሲንኩ ለጊዜው ይገጠምና እስከ አፉ ይሞላል፣ ይለቀቃል፣ ወዲያው መጸዳጃውም ይለቀቃል። ሲፎኑ ከተንቆረቆረ አየር አጥሮታል። ቀሪው ሒሳብ የሚከፈለው ድምፁ ሲጠፋ ነው።