የሕክምና ምርምር ለሚማሩ ልጆችና ለወላጆቻቸው

በደሴና በኮምቦልቻ ከተሞች ልጁን በብዙ ድካም አስተምሮ ለሐኪምነት፥ ለነርስነት ወይም ለመድኃኒት ቅመማ ሙያ ያበቃ ቤተ ሰብ ጥቂት አይደለም። እንዲህ ያለው ቤተ ሰብ ልጁ ሥራ ይዞ ደመወዝ መቀበል ከጀመረ በኋላ «የሕክምና ምርምር ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ እመለሳለሁ» ሲለው ቅር ይሰኛል። እናት «እስከ መቼ ተማሪ ሆኖ ይኖራል?» ትላለች፤ አባትም «ሕመምተኛው ተሰልፎ ሳለ ሐኪሙ ወረቀት ሊመረምር ነውን?» ሲል ይጠይቃል። በጥቅምትና በኅዳር 2014 ዓ.ም. ሁለቱ ከተሞች በጦርነቱ በተያዙበት ጊዜ የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ንብረት እንደ ተዘረፈ የምናስታውስ ሁሉ፥ የወላጆች ጥያቄ ከችግር የመነጨ መሆኑን እንረዳለን። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ትምህርቱ ምን እንደ ሆነና ለቤተ ሰብም ምን እንደሚጠቅም ልንገልጽ ወደድን።

ሐኪም ሕመምተኛውን ሲያገኝ «ይህን ሰው ምን አመመው? ምንስ ልስጠው?» ይላል። የሕክምና ተመራማሪ በዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፤ ይኸውም «የምንሰጠው መድኃኒት ከሌላው ይልቅ የሚያድን መሆኑን በምን ዐወቅን?» የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ሊሆን አይገባም። ነቢዩ ዳንኤልና ሦስቱ ወጣቶች በባቢሎን ሳሉ የንጉሡን ማዕድ ትተው ጥራጥሬ እየበሉ፥ ውሃም እየጠጡ ዐሥር ቀን እንዲፈተኑ፥ ከዚያም በኋላ መልካቸው ከሌሎቹ ብላቴኖች መልክ ጋር እንዲተያይ እንደ ጠየቁ ተጽፏል። ሁለት ወገን፥ የተወሰነ ቀን፥ በመጨረሻም ማነጻጸር፤ የዛሬውም የመድኃኒት ፍተሻ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1747 ዓ.ም. ጄምስ ሊንድ የተባለ የብሪታንያ የባሕር ኃይል ሐኪም፥ ስከርቪ በተባለ በሽታ የተያዙ 12 መርከበኞችን ሁለት ሁለት አድርጎ ለስድስት ከፍሎ ለየጥንዱ የተለየ ነገር ቢሰጣቸው፥ ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ከሁሉ ፈጥነው ተሻላቸው።

የዚህ ትምህርት ተማሪ በመጀመሪያ ጥያቄውን ጠባብና ግልጽ አድርጎ መጻፍን ይማራል። ቀጥሎም ሕሙማንን ለሚነጻጸሩት መድኃኒቶች በዕጣ መመደብን ያጠናል፤ ሐኪሙ ራሱ ቢመርጥ ሳያውቀው ብርቱዎቹን ወደ አንዱ፥ ደካሞቹን ወደ ሌላው ሊያደላድል ይችላልና። ስንት ሰው ቢጠና መልሱ የሚታመን እንደሚሆን ማስላትን፥ መዝገብን ሳይሰርዙና ሳይደልዙ መጠበቅን፥ መድኃኒቱ ጉዳት ሲያመጣ ወዲያው ማስታወቅን፥ ውጤቱ እንደ ተመኙት ባይሆን እንኳ ሳይደብቁ መግለጽን ይማራል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው ማዕከል ይህን ሙያ በሁለተኛ ዲግሪ ከሚያስተምሩት አንዱ ነው።

«ይህ ለወሎ ሰው ምን ያደርግለታል?» ለሚል፥ ሩቅ ሳንሄድ ከደሴ አጠገብ ያለውን የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል እንመልከት። ይህ ሆስፒታል ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠጊያ ሆኖ ኖሯል፤ ቁንጭር የተባለውን የቆዳ በሽታም ያክማል። ቁንጭር በደጋው አገር ብዙ ጊዜ የልጆችን ፊት አቁስሎ ዕድሜ ልክ የማይለቅ ጠባሳ የሚተው በሽታ ነው። ሕዝባችን የሌሊት ወፍ ያመጣዋል ሲል ኖሯል፤ ጥናት ያሳየው ግን ሊሽማንያ የተባለው ጥቃቅን ተሐዋሲ ከሽኮኮ ተነሥቶ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ ወደ ሰው እንደሚተላለፍ ነው። የሽኮኮ ማደሪያ ዐለት መሆኑን መዝሙረ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ያውቃል። ለዚህ በሽታ ሲሰጥ የኖረው መድኃኒት በየቀኑ ለሳምንታት የሚወጋ፥ ልብንና ቆሽትንም ሊጎዳ የሚችል መርፌ ነው። ከእርሱ የሚሻል መኖሩን ለመለየት በዕጣ እየተመደበ የተደረገ ጥናት በአገራችን እጅግ ጥቂት ነው። የእኛ አገር ቁንጭር በአብዛኛው ሊሽማንያ ኤትዮፒካ ከተባለው ዐይነት የሚመጣ ስለ ሆነ፥ በሌላ አገር የተገኘውን መልስ እንዳለ መውሰድ አይበቃም። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ፥ ከዚያም ወደ ሐርቡ ቆላ ሲወረድ ደግሞ ወባ ይገኛል፤ በሁለት ሰዓት መንገድ ውስጥ እንኳ የሰው ሕመም ይለያያል። መልሱን የሚፈልግ የአገር ልጅ ካልተማረ ማን ይፈልገዋል?

ከትምህርቱ ሁሉ የሚከብደው ግን የሕመምተኛን እውነተኛ ፈቃድ መቀበል ነው። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር በ1956 ዓ.ም. በሄልሲንኪ ባወጣው መግለጫ በሰው ላይ የሚደረግ ምርምር የሰውየውን ፈቃድ የሚጠይቅ መሆኑን አስታውቋል። በአገራችንም እንዲህ ያለ ጥናት ከመጀመሩ በፊት የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምረዋል። ነገር ግን በእኛ ዘንድ ይሉኝታ አለ። ከገጠር ልጇን ይዛ የመጣች እናት ነጭ ካፖርት በለበሰ ሰው ፊት ስትቆም «እርስዎ እንዳሉ ይሁን፥ ዶክተር» ብላ ጣቷን በቀለም ነክራ ትፈርማለች። ይህን አክብሮት እንደ ፈቃድ የሚቆጥር ተማሪ ትምህርቱ አልገባውም። በሚገባ የተማረው ግን «እናቴ፥ የነገርሁዎትን እስቲ በራስዎ አንደበት መልሰው ይንገሩኝ፤ እንቢ ቢሉም የልጅዎ ሕክምና አይቋረጥም» ይላታል፤ እንቢ ስትለውም ፊቱን አያጠቁርባትም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጃችሁ ይህን ትምህርት ሲመርጥ መርቃችሁ ስደዱት፤ ሲመለስም ስለ ደመወዙ ብቻ ሳይሆን ሕሙማንን እንዴት እንደሚያስፈቅድ ጠይቁት። ከቤተ ሰባችሁ አንዱ በጥናት እንዲገባ ሲለመን ደግሞ አምስት ነገር ጠይቁ፤ የሚነጻጸረው ምንና ምን ነው? ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል? ጉዳት ቢደርስ ማን ያክማል? በመካከል መውጣት ይቻላልን? እንቢ ብንል ምን ይቀርብናል? መልሱ ካልገባችሁ ቤት ሄዳችሁ ተማክራችሁ ተመለሱ፤ ነውር የለበትም።

ጠበል እየጠጣችሁ ወይም የባህል መድኃኒት እየወሰዳችሁ ከሆነም ሳትደብቁ ተናገሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበልና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸውን አንርሳ። በጾም ወራትም መድኃኒቱ በስንት ሰዓት እንደሚወሰድ ለሐኪሙም ለንስሓ አባታችሁም አስታውቁ። የተደበቀ ነገር የታማሚውን ጤና ይጎዳል፤ የጥናቱንም መልስ ያሳስታል፤ በዚያም መልስ ነገ የሌላ ቤት ልጅ ይታከምበታል።

የጥበብ ሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር የሚማሩትን ልጆቻችንን ያስተውልልን፤ ለሕሙማኑም ምሕረቱን ይላክልን።