ደመናም አከራይ አለው

ባለፈው ሰሞን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ዛሬ ስምንት ሠራተኞች ያሉት አነስተኛ የሶፍትዌር ድርጅት ባለቤት ነው፤ ለክሊኒኮችና ለመድኃኒት መደብሮች የመዝገብና የዕቃ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ይሠራል። ፕሮግራሙም ሆነ የደንበኞቹ መዝገብ የሚኖሩት ግን ባሕር ማዶ፣ በአንድ ትልቅ የክላውድ ኩባንያ ሰርቨሮች ላይ ነው። ካስቀመጣቸው የክፍያ ሰነዶች ሁለቱን መርጦ ጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋና «ዶክተር፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አለኝ። አንደኛው የሰኔ 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሁለተኛው ከስድስት ወራት በኋላ የመጣ ነው። በዶላር ሲነበቡ ልዩነታቸው ከቁጥር የሚገባ አልነበረም። በብር ሲመነዘሩ ግን ሁለተኛው የመጀመሪያውን እጥፍ ሆኖ አገኘሁት። «አንድም ደንበኛ አልጨመርኩም፣ አንድም ሰርቨር አልጨመርኩም፤ ታዲያ ዕዳዬን ማን አሳደገው?»

መልሱን እርሱም ያውቀዋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር፣ የፈረንጆቹ 2024 ሳይጠናቀቅ ከ120 ብር በላይ ገብቷል። ገቢው በብር፣ ኪራዩ በዶላር የሆነ ሰው ሳይንቀሳቀስ ይከብድበታል።

የምንዛሪውን ጉዳይ ለኢኮኖሚ ባለሙያዎች ልተወውና የተማሪዬ ጥያቄ በሆዱ የያዘውን ሌላ ጥያቄ ላንሳ። አንድ ድርጅት የሥራውን ልብ፣ ማለትም መዝገቡን፣ ሒሳቡንና የደንበኞቹን መረጃ በሌላ ሰው ቤት ሲያስቀምጥ የሚያገኘው ምንድን ነው? የሚያጣውስ? በእኛ ሀገር ስለ ክላውድ የምንሰማው አብዛኛው ነገር ከሻጮች አፍ የሚወጣ ነው። አማዞን የመጀመሪያዎቹን የማከማቻና የሰርቨር ኪራይ አገልግሎቶቹን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሁለት አስርት ዓመታት ያህል ካለፉ በኋላ የተከራዮቹን ምስክርነት የምንሰማበት ጊዜ አሁን ነው።

በቅድሚያ ስሙ ራሱ አሳሳች መሆኑን ልብ እንበል። ደመና ባለቤት የለውም፤ ለጻድቁም ለኃጥኡም እኩል ያዘንባል። ይህ ደመና ግን መሬት ላይ የቆመ ሕንፃ ነው። መብራት ይቆጥራል፣ ማቀዝቀዣ ይፈልጋል፣ ባለቤት አለው፣ ባለቤቱም የሚገዛበት የአንድ መንግሥት ሕግ አለ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይዋ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የዳታ ማዕከል በእሳት ሲወድም፣ ሌላ ቦታ ቅጂ ያላስቀመጡ ደንበኞች መረጃቸውን ላይመለስ አጥተዋል። ደመና አይቃጠልም፤ ቤት ግን ይቃጠላል።

ኪራዩ የጠቀማቸው

ይህን ስል ክላውድ ጥቅም የለውም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ለፍትሕ ሲባል ከተጠቀሙት እንጀምር።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2008 ኔትፍሊክስ፣ ያን ጊዜ በዋናነት ፊልሞችን በዲቪዲ በፖስታ የሚያከራይ ድርጅት ሳለ፣ ዋነኛው የመረጃ ቋቱ ተበላሽቶ ለሦስት ቀናት ለደንበኞቹ ዲቪዲ መላክ አቃተው። ድርጅቱ ከዚያ ውድቀት የወሰደው ትምህርት የራሱን ሰርቨሮች መግዛት ትቶ ወደ አማዞን ክላውድ መግባት ነበር። ጉዞው የተጠናቀቀው በጃንዋሪ 2016 ነው። በዚሁ ጊዜ ውስጥ በኢንተርኔት ፊልም የሚያዩ ደንበኞቹ ቁጥር ስምንት እጥፍ አድጓል። ይህን ያህል ማሽን በዚያ ፍጥነት ገዝቶ፣ ተክሎና ባለሙያ ቀጥሮ መድረስ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ሥራውን የሚያውቁ ይመሰክራሉ።

ይሁን እንጂ የኔትፍሊክስን ታሪክ የሚተርኩ ሻጮች ሁለት ነገሮችን ይዘላሉ። አንደኛ፣ ጉዞው ሰባት ዓመት ፈጅቷል፤ ምክንያቱም ድርጅቱ አሮጌውን ሥርዓት እንዳለ ጭኖ አልወሰደውም፤ ሥራውን ከመሠረቱ አፍርሶ ለአዲሱ ቤት እንዲስማማ አድርጎ ሠራው። በሦስት ወር ውስጥ «ወደ ክላውድ ገባን» ብለው ሪባን የሚቆርጡ መሥሪያ ቤቶች ይህንን ቢያጤኑት መልካም ነው፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታልና። ሁለተኛ፣ ኔትፍሊክስ ሁሉንም አልተከራየም። ፊልሙን ከየተመልካቹ ቤት የሚያደርሰውን ግዙፍ የማከፋፈያ መረብ ራሱ ገንብቶ የራሱ አድርጎ ይዞታል። አከራዩ አማዞን የራሱ የፊልም አገልግሎት ያለው ተፎካካሪ መሆኑ ሲታሰብ፣ የቱ ይከራያል የቱ አይከራይም የሚለው ውሳኔ ከቴክኒክ ያለፈ ትርጉም አለው።

ዕቃቸውን ጭነው የወጡት

ተከራይቶ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ኪራይ ነገ ስንት ሆኖ እንደሚያድር ለማያውቅ ሰው ምቹ ነው። ቤተሰቡ ሲረጋ፣ ገቢው ሲታወቅ ግን ወር በወር የሚከፈለው ገንዘብ ስንት ቤት ይሠራ እንደነበር ማስላቱ አይቀርም።

ድሮፕቦክስ ያደረገው ይህንኑ ነው። የደንበኞቹን ፋይሎች ለዓመታት በአማዞን ቤት ካስቀመጠ በኋላ የራሱን ማከማቻ ገንብቶ እ.ኤ.አ. እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ አብዛኛውን መረጃ አዛወረ። በ2018 ወደ አክሲዮን ገበያ ሲገባ ባቀረበው ሰነድ እንደገለጸው፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ወጪውን ወደ 75 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ገንዘብ ቀንሷል። 37ሲግናልስ የተባለው ከድሮፕቦክስ እጅግ ያነሰ የሶፍትዌር ድርጅትም በ2022 ለክላውድ 3.2 ሚሊዮን ዶላር ከከፈለ በኋላ «በቃን» ብሎ የራሱን ሰርቨሮች ገዛ። በ2024 ዓመታዊ ወጪው ወደ 1.3 ሚሊዮን ዶላር መውረዱን በይፋ ተናግሯል። ሥራው በየወሩ ያው ነው፤ ድንገተኛ ጎርፍ የለበትም፤ ሰርቨር የሚያስተዳድሩ ባለሙያዎችም ቀድሞውኑ ነበሩት። ለእንዲህ ዓይነቱ ድርጅት ኪራዩ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ሆኖበት ነበር።

እነዚህ ድርጅቶች የሚያስቀኑኝ ገንዘብ በመቆጠባቸው ብቻ አይደለም። መውጣት በመቻላቸው ነው። ሥራቸውን በአንድ አከራይ ብቻ በሚገኝ ዕቃ አልሠሩትም፤ በሩ ሲከፈት የሚያሸክሙት ነገር ነበራቸው።

ሁለተኛው ቁልፍ

አሁን ወደ ሁለት ተከራዮች ልውሰዳችሁ፤ አንዱ ጠፍቷል፣ ሌላው ድኗል።

ኮድ ስፔስስ የሚባል ድርጅት ነበር፤ የፕሮግራም ጸሐፊዎችን ሥራ በአማዞን ክላውድ ላይ ያስቀምጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በጁን 2014 አንድ ወንበዴ የድርጅቱን የክላውድ መቆጣጠሪያ ገጽ ሰብሮ ገባና ገንዘብ ጠየቀ። ባለቤቶቹ መልሰው ሊቆጣጠሩት ሲሞክሩ መረጃውን አንድ በአንድ ይሰርዝ ጀመር። መጠባበቂያ ቅጂ አልነበራቸውም? ነበራቸው። ግን በዚያው ቤት፣ በዚያው ቁልፍ ሥር ነበር። ድርጅቱ በሰዓታት ውስጥ አበቃለት፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም።

ሁለተኛው ዩኒሱፐር የተሰኘው የአውስትራሊያ የጡረታ ፈንድ ነው። ከ600 ሺህ በላይ አባላት አሉት፤ የሚያስተዳድረውም ገንዘብ ከ100 ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ይበልጣል። በሜይ 2024 በጉግል ክላውድ ላይ የነበረው ዋናው ሥርዓቱ እንዳለ ተሰረዘ። ሌባ አልገባም፣ እሳት አልተነሳም። የአከራዩ ሠራተኞች ቀደም ሲል አገልግሎቱን ሲያዘጋጁ አንዲት የቅጽ ክፍት ቦታ ባዶ ትተው ስለነበር፣ ጊዜው ሲደርስ ሥርዓቱ ራሱን አጠፋ። አባላቱ ከሳምንት በላይ ሒሳባቸውን ማየት አልቻሉም። ፈንዱ ግን ከሌላ አከራይ ዘንድ ያስቀመጠው ቅጂ ስለነበረው ተመልሶ ቆመ። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለሰርቨርም እንደሚሠራ ማን አስቦት ያውቃል?

ኦክቶበር 20 ቀን 2025 በሰሜን ቨርጂኒያ የሚገኘው የአማዞን ማዕከል በስም አውጪ ሥርዓቱ ስሕተት ምክንያት ሲታወክ፣ ከአሜሪካ መልእክት መላላኪያዎች እስከ ብሪታንያ ባንኮች ድረስ አገልግሎት ተቋርጧል። ብዙ የተለያዩ በሮች የነበሯቸው የሚመስሉ ድርጅቶች በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ እንደነበር ያን ቀን ታወቀ።

አከራዩን የሚያዝዘው ማን ነው?

እስካሁን ያነሳሁት ስሕተትን፣ ሌብነትንና ወጪን ነው። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ግን ማንም ሳይሳሳት የሚዘጋው በር ነው።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 የአውሮፓ ኅብረት በሩሲያ ላይ በጣለው ማዕቀብ ናያራ ኢነርጂ የተባለውን የሕንድ ነዳጅ ማጣሪያ ጨመረው፤ የድርጅቱ 49 በመቶ ገደማ ድርሻ የሩሲያው ሮስኔፍት ነውና። ብዙም ሳይቆይ ማይክሮሶፍት የኢሜይልና የስብሰባ አገልግሎቱን አቋረጠበት። ልብ በሉ፤ ማዕቀቡ የብራስልስ ነው፣ አከራዩ አሜሪካዊ ነው፣ ከገዛ ደብዳቤው የተቆለፈበት ሠራተኛ ደግሞ ሕንድ ውስጥ የተቀመጠ ነው። ናያራ ለዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አቤት ካለ በኋላ፣ በቀናት ውስጥ አገልግሎቱ ተመለሰለት።

የማዕቀቡ ትክክለኛነት ለዛሬ አያከራክረን። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ናያራ ግዙፍ ድርጅት ነው፤ ጠበቃ አለው፤ አከራዩም ሊያጣው የማይፈልገው ሰፊ ገበያ ውስጥ ነው የሚኖረው። የእኔ ተማሪ በሩ ቢዘጋበት የት ሄዶ ይከሳል? «ተስማምቻለሁ» ብሎ የተጫነው ውል በየትኛው ሀገር ፍርድ ቤት እንደሚዳኝ አንብቦታል? ስጠይቀው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ እኔም ያላነበብኳቸው ብዙ ውሎች አሉብኝና።

በእኛ ሀገር ደግሞ አደጋው ከሁለት ወገን ነው። የአከራዩ ቤት ደኅና ሆኖ ሳለ መንገዱ ይዘጋል። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ከሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ መንግሥት በመላ ሀገሪቱ ኢንተርኔት ሲያቋርጥ፣ መቋረጡ ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቷል። የተማሪዬ ደንበኞች የነበሩ ክሊኒኮች በእነዚያ ሳምንታት የሕሙማንን መዝገብ መክፈት አልቻሉም፤ ወደ ደብተር ተመለሱ። ከመካከላቸው ሥራው ያልቆመበት አንድ ብቻ ነበር፦ የክሊኒኩ ባለቤት ግትር ሰው ስለነበሩ «ቅጂው ዓይኔ እያየው እዚሁ ይቀመጥ» ብለው በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ አስቀርተው ነበር። ያን ጊዜ ኋላ ቀር ተብለው ተስቆባቸዋል።

«እንግዲያው ሁላችንም ሰርቨራችንን ጓዳችን እናስገባ» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን አልልም። የመብራቱን መቆራረጥ፣ መለዋወጫ ለማስመጣት የሚጠፋውን ወር፣ የይለፍ ቃሉን ብቻውን ይዞ ሥራ የሚለቀውን ባለሙያ ሁላችንም እናውቀዋለን። በአዲስ አበባ አይሲቲ ፓርክ የግል ዳታ ማዕከሎች መከፈታቸውም መልካም ጅምር ነው፤ መረጃው ከሀገር ሳይወጣ ይቀመጣል። ነገር ግን ሀገር በቀል አከራይም አከራይ ነው። መንገዱንም ቤቱንም አንድ እጅ ከያዘው ደግሞ፣ ተከራዩ የባሕር ማዶውን ሲፈራ የነበረውን ሁሉ እዚሁ ያገኘዋል።

ሕግ ያልደረሰለት ተከራይ

በ2016 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች በተከታታይ ቁጥር ወጥተዋል። አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚቆጣጠር ነው፤ ውሉ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ጭማሪውም በአከራዩ ፈቃድ ብቻ እንዳይሆን ደንግጓል። አዋጅ ቁጥር 1321 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ነው፤ የግለሰቡን መረጃ ማን፣ እንዴት እንደሚይዘው ይወስናል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች መካከል አንድ ሰው ተረስቷል፦ ሥራውን በተከራየው ሰርቨር ላይ የመሠረተው ነጋዴ። የቤት ተከራዩ ሕግ አለው፤ የመረጃው ባለቤት ሕግ አለው፤ የሰርቨሩ ተከራይ ግን ያለው «ተስማምቻለሁ» የሚል ቁልፍ ብቻ ነው።

ሊደነገግ አይችልም እንዳይባል፣ ተደንግጎ ታይቷል። ከሴፕቴምበር 2025 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የአውሮፓ ኅብረት የዳታ ሕግ ተከራዩ መረጃውን ይዞ ወደ ሌላ አከራይ የመዛወር መብት ሰጥቶታል፤ ከጃንዋሪ 12 ቀን 2027 ጀምሮ ደግሞ የመዛወሪያ ክፍያ ማስከፈልን ይከለክላል። ጉግልም አማዞንም ጠቅልሎ ለሚወጣ ደንበኛ የመረጃ ማውጫ ክፍያን በ2024 መጀመሪያ ላይ ያነሱት ይህ ሕግ በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። እኛ ብራስልስን የሚያህል ጉልበት የለንም። ቢያንስ ግን መንግሥት ራሱ ትልቅ ተከራይ ነው፤ የመውጫ አንቀጽ የሌለበትን ውል አልፈርምም ማለት ይችላል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የክሊኒክ መዝገብ አብሮ እንደሚቋረጥ አውቆ ከዚያ እጁን መሰብሰብም ይችላል።

ለተማሪዬ የሰጠሁት ምክር አጭር ነበር። ኪራዩን አትተው፤ ነገር ግን ከሌላ አከራይ ዘንድ፣ በሌላ ቁልፍ ሥር ሁለተኛ ቅጂ ይኑርህ። ቅጂውንም በዓመት አንድ ቀን ከፍተህ ሞክረው፤ ያልተሞከረ ቅጂ ቅጂ አይደለም። ሲሄድ ከበሩ መለስ ብሎ «ዶክተር፣ የእርስዎስ የሃያ ዓመት ጽሑፍ የት ነው ያለው?» ሲል ጠየቀኝ።

ይህን አንቀጽ የምጽፈው ዛሬ ጠዋት ገዝቼ ባመጣሁት የማከማቻ ዕቃ ላይ ፋይሎቼ እየተገለበጡ ሳለ ነው።