በገዛ እጁ አይሮፕላን ለሚሠራ ወጣት ቤንዚኑ እንዴት ይደርስለታል?

«ፀሐይ» የተባለችው አይሮፕላን በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ከኢጣልያ ወደ አገሯ መመለሷ ይታወሳል። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ረዳቶቹ ጋር በአዲስ አበባ ሠርቷት በ1928 ዓ.ም. የበረረችው ይህች አይሮፕላን፣ በወራሪው እጅ ገብታ ብዙ ዘመን በባዕድ ቤተ መዘክር ተቀምጣ ነበር። በእኛ ዘመን ደግሞ አቶ አስመላሽ ዘፈሩ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት በቀሰሙት ዕውቀት አንዲት አይሮፕላን ሠርተው፣ የቮልስዋገን ሞተር ገጥመውላት በ2007 ዓ.ም. ለሙከራ አቅርበዋል። የመጀመሪያው ሙከራ ባይሰምርም ወሬው ከአገር አልፎ በውጭ ጋዜጦች ጭምር ተነግሯል።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች ሕዝብ በልቡ የሚይዘው ክንፉንና ሞተሩን ነው። ቤንዚኑ ከሳልባትዮው ተነሥቶ እስከ ካርቡራቶሩ በምን መንገድ እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ነገሩ የቱቦ ነገር ብቻ ስለሚመስል ይናቃል። ይሁን እንጂ የአሜሪካ የመጓጓዣ ደኅንነት ቦርድ በ2004 ዓ.ም. በገዛ እጅ የሚሠሩ አይሮፕላኖችን አደጋ መርምሮ ባወጣው ጥናት፣ የሞተር ኃይል መቋረጥ ከዋነኞቹ የአደጋ ምክንያቶች አንዱ መሆኑን አስረድቷል፤ ከመጀመሪያው በረራ በፊትም የነዳጁ መሥመር በምድር ላይ ተፈትኖ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲቀርብ አሳስቧል።

ይህ ማሳሰቢያ ለጎንደር ወጣት ከሌላው ይልቅ ይከብዳል። በአዘዞ የሚገኘው የአፄ ቴዎድሮስ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2000 ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ አየር የሚጭንለት መሣሪያ የሌለው ሞተር ከኃይሉ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራቶር በስሱ አየር ውስጥ የሚያፈሰው ቤንዚን ከሚገባው በላይ ይሆንና ካንዴላው ይጠቁራል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ስለዚህ አብራሪው የቤንዚኑን መጠን የሚቀንስበት መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛው ነገር መፍላት ነው። የደባርቅ እናቶች ባቄላ ሲቀቅሉ ከቆላ ይልቅ ብዙ እንጨት የሚፈጁት፣ ውኃው ገና 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሚፈላ ነው። ቤንዚንም እንደዚሁ በደጋ አየር ቶሎ ይተናል። ቱቦው በጋለ ሞተር አጠገብ ካለፈ እንፋሎት በውስጡ ይቋጥርና መንገዱን ይዘጋል። መድኃኒቱም ቱቦውን ከጭስ ማውጫው ማራቅና በሙቀት መከላከያ መጠቅለል፣ ወደ ላይ የሚታጠፍ ጉብታም እንዳይኖረው መጠንቀቅ ነው።

ለጀማሪ የሚሻለው ሳልባትዮው ከካርቡራቶሩ በላይ ተቀምጦ ቤንዚኑ በራሱ ክብደት የሚወርድበት አሠራር ነው፤ ፖምፓ ከሌለ የሚበላሽ ፖምፓ የለምና። ነገር ግን አይሮፕላኑ አፍንጫውን አንሥቶ ሲወጣ ሞተሩም ከፍ ስለሚል፣ በስተኋላው ያለው ሳልባትዮ የነበረው ብልጫ ይቀንሳል። ስለዚህ ፈተናው በዚያው ሁኔታ መሆን አለበት። 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በሙሉ ኃይሉ በሰዓት 12 ሊትር ገደማ ይፈጃል እንበል። ደንቡ በክብደት ለሚወርድ ቤንዚን የዚህን አንድ ተኩል እጥፍ ይጠይቃል፤ ይኸውም 18 ሊትር ነው። አይሮፕላኑን አፍንጫውን ወደ ላይ አዘንብሎ፣ ጥቂት ቤንዚን ብቻ አስቀርቶ፣ ቱቦውን ከካርቡራቶሩ ነቅሎ ወደ ጣሳ መልቀቅ ነው። በ10 ደቂቃ 3 ሊትር ካልሞላ ያ አይሮፕላን ከምድር መነሣት የለበትም። የሳልባትዮው መተንፈሻ ቀዳዳ ተደፍኖ ከሆነም ይኸው ጣሳ ይናገራል።

የቤንዚኑ ጥራት ሌላው ጣጣ ነው። ከጄሪካን ወደ ጄሪካን ሲገላበጥ የቆየ ቤንዚን ውኃ ወይም ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ግማሹ ባዶ የሆነ ሳልባትዮም በደጋው ሌሊት ብርድ ውስጡ ጤዛ ያበጃል። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከሥር ይዘቅጣል፤ ስለዚህ ከመሥመሩ ሁሉ ዝቅ ባለው ቦታ ማፍሰሻ ተበጅቶ፣ ጧት ጧት በብርጭቆ ተቀድቶ መታየት አለበት። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የነዳጅ ግብይት አዋጅ ያለ ፈቃድ ማከማቸትንና ባዕድ ነገር መቀላቀልን በብርቱ የሚቀጣ ስለሆነ፣ ወጣቱ ለሙከራው የሚሆን 20 ሊትር እንኳ ይዞ ለመገኘት ሕጋዊ ወረቀት ያሻዋል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ወደ ወጣቱ ሹም ጠረጴዛ የሚመጣው። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሲቀርብለት «አይቻልም» ብሎ መመለስ ይቀልለዋል፤ አለዚያም አመስግኖ ዝም ይላል። የመጀመሪያው ወጣቱን በድብቅ ወደ ሜዳ ይገፋዋል፤ ሁለተኛው ሳይፈተን ያስነሣዋል። ጋፋት ላይ የተበላሸ ብረት እንደገና ይቀልጥ ነበር፤ በሊማሊሞ ገደል ላይ ሞተሩ ለቆመበት ሰው ግን የሚያርፍበት ሜዳ የለም። የመብረሩን ፈቃድ የሚሰጠው በአዲስ አበባ ያለው የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ነው። ያ ጉዳይ እስኪደርስ ድረስ ግን፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ መምህራን በተገኙበት የጣሳውን ፈተና ምድር ላይ ማካሄድና ቃለ ጉባኤ ይዞ መፈራረም የሚቻል ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ ሰዓት፣ መለኪያ ጣሳ፣ የእሳት ማጥፊያና የአንድ ጧት ጊዜ ነው።