መልሱን አትንገሯቸው

አንድ ሰው ነብር፣ ፍየልና ጎመን ይዞ ወንዝ ዳር ደረሰ። ታንኳው ከእሱ ሌላ አንዱን ብቻ ይይዛል። እሱ ከሌለ ነብሩ ፍየሏን፣ ፍየሏም ጎመኑን ትበላለች። እንዴት ይሻገሩ? ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በ8ኛው መቶ ዘመን የኖረው እንግሊዛዊው መምህር አልኩዊን ለወጣቶች አእምሮ ማሰልጠኛ አሰባሰበው በሚባለው መድበል ውስጥም ይገኛል፤ እዚያ በነብሩ ፈንታ ተኩላ ነው።

የሚያሳዝነኝ፣ ልጆቻችን ጥያቄውን ከነመልሱ መስማታቸው ነው። ልጁ ትንሽ ሲያመነታ እኛ አዋቂዎቹ እንቸኩልና እንነግረዋለን። መልሱን አወቀ፤ ማሰቡ ግን ቀረበት።

እኔ ዕቃ ይሰጠው ባይ ነኝ። የጠርሙስ ክዳን ነብር፣ ባቄላ ፍየል፣ ቅጠል ጎመን፣ መቀነት ደግሞ ወንዝ ይሁኑለት። ፍየሏን አሻግሮ ይመለሳል፤ ነብሩን ወይም ጎመኑን ሲያሻግር ግን ይጨንቀዋል። መውጫው ፍየሏን ይዞ መመለስ ነው። ያሻገሩትን መመለስ ኪሳራ ስለሚመስል በሐሳብ ብቻ ሲሞከር ቶሎ አይመጣም። ዕቃውን በእጁ የያዘ ልጅ ግን ሌላው መንገድ ሁሉ ሲዘጋበት ይሞክረዋል።

የዘይት ጀሪካንም እንዲሁ ነው። ባለ 5 እና ባለ 3 ሊትር ብቻ ይዘህ 4 ሊትር ውሃ ስፈር ቢባል፣ ባለ 5ቱን ሞልቶ ወደ ባለ 3ቱ ሲገለበጥ 2 ሊትር ይተርፋል። ባለ 3ቱን ደፍቶ፣ የተረፈውን እዚያው አስገብቶ፣ ባለ 5ቱን እንደገና መሙላት ነው። ከዚያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ሲገለበጥ፣ ትንሹ ጀሪካን እስኪሞላ 1 ሊትር ብቻ ስለሚጎድለው በትልቁ 4 ይቀራል። እዚህም ቁልፉ የሞሉትን መድፋት ነው።

በክፍል ውስጥ የምናጨበጭበው ፈጥኖ ለመለሰ ልጅ ነው። የሠራውን አፍርሶ እንደገና ለሚጀምረውም ልናጨበጭብ ይገባል፤ ከባድ ችግር የሚፈታው እንዲህ ያለ ሰው ነውና።

ዛሬ ማታ ለልጆችዎ ስድስት ስቴኪኒና ለማያያዣ ትንሽ ሊጥ ይስጧቸው። ስቴኪኒውን ሳይሰብሩ አራት እኩል ሦስት ማዕዘኖች ይሥሩ። መልሱን እዚህ አልጽፍም፤ እርስዎም ቢያውቁት አይንገሯቸው።