አስተዋይ ቤት በጁገል ግንብ ውስጥ

በአልጋ ላይ ተጋድሞ መብራት ማጥፋት፣ ከቢሮ ሳይወጡ የቤትን ማራገቢያ ማስነሣት ቀድሞ እንደ ተረት ይቈጠር ነበር። ዛሬ ግን አንድ ስልክና አንድ አምፖል ያለው ተማሪ ወይም ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኛ ሊሞክረው የሚችል ነገር ሆኗል። ነጋዴዎቹ «ስማርት ሆም» ይሉታል፤ እኛ «አስተዋይ ቤት» ብንለው አይከፋም። ይሁን እንጂ ቤቱ አስተዋይ የሚሆነው አስቀድሞ ሠሪው ሲያስተውል ነው።

እኔ ይህን የተማርሁት በሐረር ጁገል ውስጥ በተከራየሁት ቤት ነው። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ስለ ሆነ የጥንቱን ግድግዳ ለሽቦ ብሎ መብሳት ነውር ነው፤ ገመድ አልባው ዕቃ ደግ ሆኖ የታየኝም ስለዚህ ነበር። የመጀመሪያውን አምፖል የገጠምሁት ነደባው ካለበት ከእመቤቲቱ ሳሎን ነው። ማንም ሳያውቅ እንዳያጠፋው ብዬም የግድግዳውን ማብሪያ በፕላስተር አሸግሁት። በማግሥቱ አምሽቼ ስመለስ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ እመቤቲቱን በጨለማ ተቀምጠው አገኘኋቸው። «ልጄ» አሉኝ፣ «ቀድሞ በጣቴ አበራው ነበር፤ ዛሬ በገዛ ቤቴ ያንተን ስልክ ልጠብቅ?» መልስ አልነበረኝም።

እንግዲህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፤ የእጅ ማብሪያውን ከቶ አትንጠቁ። ዕቃ ስትገዙም ኢንተርኔት ሲቋረጥ በቤት ውስጥ ይሠራ እንደ ሆነ ጠይቁ። አንዳንዱ ትእዛዙን የሚቀበለው ባሕር ማዶ ካለ ኮምፒዩተር ነውና፣ መስመሩ ሲጠፋ ደንቆሮ ይሆናል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 የወጣው «ማተር» የተባለው ደንብ የልዩ ልዩ ፋብሪካ ዕቃዎች በቤት ውስጥ እርስ በርሳቸው እንዲግባቡ የተደረገ ነው፤ ምልክቱን ከካርቶኑ ላይ ፈልጉ።

ሁለተኛው የግድግዳ ነገር ነው። የዋይፋይ ማዕበል በወፍራም የድንጋይ ግንብ ሲያልፍ ይደክማል። ብዙዎቹ አምፖሎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ ይህም ከ5 ጊጋኸርዙ ይልቅ ግድግዳ ያልፋል። ስለዚህ አምፖሉን ስታስተዋውቁ ስልካችሁን በ2.4 መስመር ላይ አድርጉ፤ ራውተሩንም ከጥግ አውጥታችሁ በበር ትይዩ አኑሩት። ያም ካልበቃ «ዚግቢ» የተባለው ዘዴ አለ። በእርሱ ኤሌክትሪክ የማይለያቸው አምፖሎችና ሶኬቶች መልእክቱን ከክፍል ወደ ክፍል ይቀባበሉታል። ነገር ግን የራሱ ማዕከል ያስፈልገዋልና ወጪውን አስቡ።

ሦስተኛው የኃይል ልክ ነው። የእንጀራ ምጣድን በስማርት ሶኬት ላይ አትሰኩ። 10 አምፔር የሚል ሶኬት በ220 ቮልት የሚችለው 2,200 ዋት ብቻ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል። እንጀራ ሲጠበስ ቤት እንዳይቃጠል ተጠንቀቁ። የግድግዳ ሽቦ መንካት ካስፈለገም ባለሙያ ጥሩ።

አራተኛው የቁልፍ ነገር ነው። አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዓመት ጁገልን ሲያሠሩ በሮቹ አምስት ነበሩ፤ ሌሊትም ይዘጉ ነበር። በቤታችሁ የምታስገቡት እያንዳንዱ ዕቃ፣ ይልቁንም ካሜራ፣ እንደ አንድ በር ነው። ከፋብሪካው የመጣውን የይለፍ ቃል በዚያው ቀን ለውጡ፤ እንግዳ ሲጠይቃችሁም የእንግዳ መስመር ከፍታችሁ ስጡት።

ደመወዛችሁ ትንሽ ከሆነ አትፈሩ፤ አንድ አምፖል ይበቃል። አንድ ወር ተጠቀሙበት፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እናንተም ከቤት ስትርቁ ምን እንደሚሆን አስተውሉ። ከዚያ በኋላ ሁለተኛውን ግዙ።

እኔም ፕላስተሩን ላጥሁት። አሁን እመቤቲቱ በጣታቸው ያበራሉ፣ እኔም በስልኬ አጠፋለሁ፤ ቤታችንም ሰላም ነው። ብልሃት ማለት የቤቱን ታናሽ ከታላቁ የማያጣላ ነውና፣ አዲስ ነገር ስታስገቡ በመጀመሪያ ጠይቁ፤ እኔ በሌለሁበት ጊዜ በዚህ ቤት መብራት የሚያበራ ማን ነው?