ሩቁን ዘመድ ስንፈልግ ቅርቡን አንዘንጋ



በልደት ማለዳ በላሊበላ ካህናቱ ከቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ቆመው ሲያሸበሽቡ የሚሰማው ዜማ ግእዝ ነው። ዐለቱን አስፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያደረጉት የዛጉዌ ነገሥታት ግን የአገው ወገን ነበሩ። ይህን ነገር አብዛኞቻችን ልብ ሳንለው እናልፋለን፤ እኔም ካላለፉት አይደለሁም።

የኮን ልጅ ነኝ። በዋድላ ቅኔ በምቆጥርበት ዘመን ከሰቆጣ በኩል የመጣ አንድ የቆሎ ተማሪ ነበረ። በኽምጣንኛ ሲናገር እንስቅበት ነበር። ከዓመታት በኋላ መንፈሳዊ ኮሌጅ ገብቼ ዕብራይስጥ ስማር፣ የእኛ «እዝን» በዚያ «ኦዜን»፣ «ስም»ም «ሼም» መባሉን ባወቅሁ ጊዜ እጅግ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ያ ተማሪ ትዝ አለኝና አፈርሁ። ባሕር ተሻግሬ ዘመድ በማግኘቴ ስኮራ፣ በጎረቤቴ ቋንቋ ስቄ ነበርና።

የግእዝን ከዕብራይስጥና ከዐረብኛ ጋር መዛመድ ለአውሮፓ በሰፊው ካስረዱት አንዱ ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ ነው። መምህሩም የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። የሉዶልፍ የግእዝ መዝገበ ቃላት በ1661፣ የአማርኛ ሰዋስው ደግሞ በ1698 እ.ኤ.አ. ታትመዋል። የዛሬ ሊቃውንት ከዚህ አልፈው ሴማዊውንና ኩሻዊውን ከጥንታዊው ግብፅኛ ጋር አፍሮ እስያዊ በሚሉት አንድ ታላቅ ቤተሰብ ውስጥ ያኖሯቸዋል።

አገውኛ ኩሻዊ ነው። «ሁለት» ለማለት ኦሮምኛው «ላማ»፣ ሶማልኛው «ላባ» ሲል፣ የአገውኛውም ቃል በዚያው በ«ል» ድምፅ ይጀምራል። አማርኛ ሥሩ ሴማዊ ቢሆንም የአገውኛ ባለ ዕዳ ነው። ግእዝ «ሐነጸ ንጉሥ ቤተ» ብሎ ግሡን ያስቀድማል፤ አማርኛ ግን «ንጉሡ ቤት አነጸ» ብሎ ግሡን ወደ መጨረሻ ያመጣል። ሊቃውንቱ ይህን ሥርዐት ከአገውኛና ከሌሎች ኩሻውያን ቋንቋዎች የተወረሰ ነው ይላሉ። እንግዲህ በኽምጣንኛ የሳቅሁበት አንደበቴ ራሱ በአገው ሥርዐት የሚናገር ኖሯል!

የቋንቋ ዝምድና የደም ቈጠራ አይደለም። ሕዝብ ቋንቋውን ይለውጣል፤ ላስታም አገውኛውን ትቶ አማርኛ ተናጋሪ ሆኗል። ስለዚህ ቋንቋን የመለያያ ድንበር የሚያደርግ ሰው የገዛ አያቱን ከደጅ ያስቀራል።

ኽምጣንኛ በዋግ፣ አዊኛ በአገው ምድር፣ ብሊን በከረን ዛሬም ይነገራሉ። ቅማንትኛ ግን በጥቂት አረጋውያን አፍ ብቻ ቀርቷል። ብራና ፍቀው ግእዝን ያቆዩልን አባቶች ልጆች ነንና፣ የአረጋውያኑን ቃልና ተረት ሳይለዩን መጻፍ የእኛም ድርሻ ነው። ለበዓሉ ወደ ላሊበላ የወጣ ምእመንም ከዋግ የመጣውን እንግዳ ስለ ቋንቋው በፍቅር ይጠይቀው።

መልካም የልደት በዓል!